ጠቅልላችሁ ጎንደር ስትገቡ፦ የመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት በቅደም ተከተል

«ልጆቹን ይዘን ጠቅልለን ልንገባ ነው። መጀመሪያ ምን እናድርግ?» ይህ ጥያቄ በስልክም በቴሌግራምም ይደርሰኛል። ክረምት ሲቃረብ ይበዛል፤ ሰው ትምህርት ቤት ሳይከፈት መግባት ይፈልጋላ። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው የጻፍኩት።

መመሪያው ወላጆቹ እዚህ ላደጉ፣ ልጆቹ ግን ውጭ ለተወለዱ ቤተሰቦች ነው። ለእናንተ አገራችሁ ነው። ለልጆቻችሁ ግን አዲስ አገር ነው፤ ውሃው፣ ሰዓቱ፣ ሰላምታው ሁሉ አዲስ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። መጀመሪያ ውሃና እንቅልፍ። ቀጥሎ ስልክና ወረቀት። ከዚያ ትምህርት ቤት። ቋሚ ቤትና የቤት ዕቃ መጨረሻ። ቤት ተከራይቶ፣ ሶፋ ገዝቶ፣ ከዚያ ውሃ የማይወጣበት ሰፈር መሆኑን ያወቀ ሰው ሁለት ጊዜ ይከስራል።

ይዛችሁ የምትመጡት

- ፓስፖርት፣ እንዲሁም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ (ቢጫ ካርድ)። ለእያንዳንዱ ልጅም ለየብቻ። መታወቂያው ያለው ሰው የመግቢያ ቪዛም የሥራ ፈቃድም አይጠየቅም። በቱሪስት ቪዛ ገብታችሁ ቀኑ ካለፈ ግን ቅጣቱ ይቆጠራል። ባላችሁበት አገር ኤምባሲ አውጥታችሁ ኑ።
- የልጆች የልደት ሰርተፍኬት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የትምህርት ውጤት። ሁሉም በወጣበት አገር ተረጋግጦ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ማኅተም ይረፍበት። ይህ ከቀረ ወረቀቱን ለማኅተም መልሶ መላክ ይመጣል።
- የክትባት ካርድ፣ ዋናውና ኮፒው።
- ዘወትር የሚወሰድ መድኃኒት ካለ የ3 ወር፣ በራሱ ማሸጊያ፣ ከሐኪም ማዘዣ ጋር። ማዘዣው ላይ የንግድ ስሙ ብቻ ሳይሆን የመድኃኒቱ ዋና መጠሪያም ይጻፍ። ፋርማሲዎች እዚህ የሚያውቁት በሌላ የንግድ ስም ሊሆን ይችላል።
- ለሁሉም ሰው ጉርድ ፎቶ። በየቢሮው ይጠየቃል።
- ፓወር ባንክና የእጅ ባትሪ፣ በቀላሉ የሚገኙበት ቦታ።
- ሹራብ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፤ ቀን ፀሐይ ቢሆንም ማታ ይበርዳል።

ትታችሁ የምትመጡት

ከአሜሪካና ከካናዳ የምትመጡ፣ የወጥ ቤት ማሽን፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ ካውያ አታምጡ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። የእነሱ ዕቃ የተሠራው ለ110 እና ለ120 ቮልት ስለሆነ ሲሰካ ይቃጠላል። የትኛው እንደሚተርፍ ለማወቅ ቻርጀሩን ገልብጡትና «ኢንፑት» የሚለውን መስመር ፈልጉ። 100-240 ከሚል ያለ ችግር ይሠራል፤ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል። 120 ብቻ ከሚል እዚያው ይቅር። የሶኬት መቀየሪያ የመሰኪያውን ጣቶች ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይለውጥም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ከመነሳታችሁ በፊት ጊዜያዊ ማረፊያ ያዙ

ለ2 ወይም ለ3 ሳምንት የሚሆን ቤት በቂ ነው፤ የዘመድ ቤትም የእንግዳ ማረፊያም ይሆናል። ቋሚ ቤት በፎቶ አትከራዩ። ፎቶ ቧንቧውን ያሳያል እንጂ ውሃው መቼ እንደሚመጣ አያሳይም።

በጥር የምትገቡ ከሆነ ደግሞ ከጥምቀት ሳምንት ራቁ፣ ወይም ቀደም ብላችሁ ያዙ። ያን ሰሞን አልጋውም የአውሮፕላን ወንበሩም ይሞላል።

የውጭ ስልክ ቁጥራችሁንም ከመነሳታችሁ በፊት አስቡበት። እዚያ ያለው ባንካችሁ ገንዘብ ስታንቀሳቅሱ ኮድ የሚልከው በዚያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከተዘጋ የራሳችሁን ገንዘብ ማየት ያቅታችኋል። ባንኩን አነጋግሩና ኮዱ በመተግበሪያ ወይም በኢሜይል እንዲመጣ አስቀይሩ።

ደረጃ 2፦ ቀን 1 እና 2፣ ውሃና ዕረፍት

ከአዲስ አበባ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ወረቀቶቻችሁንና መድኃኒታችሁን በእጅ ቦርሳ ያዙ። ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል።

የመጀመሪያዎቹን 2 ቀናት ምንም ጉዳይ አትያዙ። ከቆላማ ከተማ የመጣ ሰው በከፍታው ምክንያት ራስ ምታት፣ ድካም፣ ዳገት ላይ ትንፋሽ ማጠር ሊሰማው ይችላል። ብዙ ውሃ ጠጡ፣ በጊዜ ተኙ። ልጆቹን የመጀመሪያው ቀን ላይ ግንብ ለማሳየት አትውሰዱ። ፋሲል ግንብ የትም አይሄድም።

አሁን ውሃው። ጎንደር ላይ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የቤቱን ባለቤት 2 ነገር ጠይቁ፦ ውሃ በሳምንት በየትኛው ቀን ይመጣል? ሮቶው (የውሃ ማጠራቀሚያው) ስንት ሊትር ይይዛል? ከዚያ አስሉት። ለአንድ ሰው በቁጠባ በቀን 50 ሊትር ብትይዙ፣ ለ5 ሰው 250 ሊትር ነው። 1,000 ሊትር ሮቶ 4 ቀን ያቆያል። ውሃው በ7 ቀን አንዴ ከሆነ 3 ቀን ይጎድላችኋል ማለት ነው። ጄሪካኖችና ትልቅ በርሜል ከአሁኑ ይሞሉ። ልጆቹም ሻወር ከፍቶ መዝፈን እንደሌለ ይነገራቸው፤ ባልዲና ጣሳ አሳዩአቸው፣ ቶሎ ይለምዱታል።

የሚጠጣ ውሃ እንዲህ ይዘጋጃል፦

ሀ. ውሃው ከደፈረሰ አስቀምጡት ይጥለል፤ ከዚያ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥሩት። አፈር ያለበት ውሃ ላይ የማከሚያ መድኃኒት በደንብ አይሠራም።

ለ. አፍሉት። መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። በቆላ 1 ደቂቃ ይበቃል። እዚህ ግን ከፍታው ከ2,000 ሜትር ስለሚያልፍ ውሃ ባነሰ ሙቀት ይፈላል፤ ተሕዋስያኑን ለመግደል ጊዜ ይፈልጋል።

ሐ. ማፍላት ካልቻላችሁ ውሃ አጋር (በጠርሙስ የሚሸጥ የውሃ ማከሚያ) ጨምሩ። መጠኑንና የሚቆይበትን ጊዜ ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ጠብቁ።

መ. ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ፤ በመቅጃ ይቀዳ እንጂ እጅ አይግባበት።

ለመጀመሪያው ሳምንት ልጆቹ የታሸገ ውሃ ቢጠጡ ይሻላል። ጥርሳቸውንም በዚያው ይቦርሹ። ይህን የሚረሳው ብዙ ነው፤ ልጁ የታሸገ ውሃ እየጠጣ በቧንቧ ውሃ ጥርሱን ይቦርሽና ተቅማጥ ይይዘዋል።

ደረጃ 3፦ ጥየቃውን ቀን ስጡት

ከውጭ የገባ ሰው ይጠየቃል። ጎረቤቱ፣ የአክስት ልጅ፣ የእናታችሁ የማኅበር ጓደኛ፣ ሁሉም «እንኳን ደህና ገባችሁ» ሊል ይመጣል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ነገ ቤት የሚያፈላልግላችሁ፣ ልጅ ሲታመም የሚደርስላችሁ ይኸው ሰው ነው። ነገር ግን ሁሉም በ3 ቀን ውስጥ ከመጣ ልጆቹ አይተኙም፣ እናንተም አንድ ጉዳይ አትጨርሱም።

መላው ይህ ነው። ከቤተሰቡ ታላቅ የሆነች አክስት ወይም እህት ታስተባብር። «ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ እኔ ቤት ቡና አለ፣ እዚያ እንገናኝ» ብላ ታስወራ። ከታላቅ ሲመጣ ማንም ቅር አይለውም። እናንተው «ዛሬ አይመቸንም» ስትሉ ግን ኩራት ይመስላል።

ሻንጣ በእንግዳ ፊት አትክፈቱ። ስጦታውን ቀድማችሁ ለይታችሁ በፌስታል አስቀምጡ። አለበለዚያ ለልጆቹ የያዛችሁት ሹራብና ጫማ በይሉኝታ ያልቃል።

ልጆቹን ደግሞ 3 ነገር አስተምሩ፦ ትልቅ ሰው ሲገባ ይነሳሉ፤ በሁለት እጅ ይቀበላሉ፤ ትልቅ ሰው «አንቱ» ይባላል። ጎንደር ላይ አያትን «አንተ» የሚል ልጅ ሰው ያስደነግጣል። አማርኛቸው ቢሰባበር ግድ የለም፣ «እንደምን አደሩ እማማ» ብቻ ብትል እንኳ ልጅቷ ቤቱን ሁሉ ትገዛዋለች።

ደረጃ 4፦ ቀን 3፣ ሲም ካርድ

ከወረቀት ሁሉ በፊት ሲም ካርድ ይቀድማል፤ ቀጥሎ የምታወጡት የፋይዳ (የብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ) ቁጥር በአጭር መልእክት የሚመጣው በዚህ ስልክ ነው። ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ለባልም ለሚስትም በየራሳቸው ስም ይውጣ። ቴሌብርም (የኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ገንዘብ) ክፈቱበት፤ ኢንተርኔት በሌለ ጊዜ በ*127# ይሠራል።

ኔትወርክ የሚጠፋበት ቀን አለ። ስለዚህ 6 ያህል ቁጥሮች በወረቀት ጻፉና በር ላይ ለጥፉ፤ አንዱን ቅጂ የልጁ ቦርሳ ውስጥ አድርጉ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የቅርብ ፖሊስ ጣቢያ፣ የቤት ባለቤት፣ የጎረቤት፣ የምታምኑት ባጃጅ ነጂ፣ የአንድ ዘመድ ቁጥር ጨምሩበት።

ደረጃ 5፦ ቀን 4፣ ስምና ልደት በአንድ ወረቀት ላይ ይወሰን

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው አያውቀውም። አንድ ምሽት ብቻ ነው የሚፈጀው። ከታለፈ ግን በኋላ ዓመታት ላይ ታች ያስብላል።

እዚህ ሰው በ3 ስም ይመዘገባል፦ የራሱ፣ የአባቱ፣ የአያቱ። የውጭ ፓስፖርት ላይ ደግሞ ስምና የቤተሰብ ስም ነው ያለው። የቤተሰብ ስሙ የአባት ይሁን የአያት እንደየቤቱ ይለያያል። ትምህርት ቤቱ ልጁን በአባቱ ስም ሲመዘግበው፣ ባንኩ በፓስፖርቱ ሲመዘግበው፣ አንድ ልጅ 2 ሰው ይሆናል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ሙሉ ስሙን በአማርኛ ፊደልና ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው በላቲን ፊደል ጻፉ። በየቢሮው ያንን ወረቀት አሳዩ፤ በቃል አትንገሩ። «ኃይሉ» እና «ሐይሉ» በጆሮ አይለዩም።

ልደቱም እንዲሁ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ያለው ልዩነት 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። ምሳሌ፦ ሜይ 10 ቀን 2015 የተወለደ ልጅ በእኛ ግንቦት 2 ቀን 2007 ነው። ኦክቶበር 10 ቀን 2015 የተወለደ ደግሞ መስከረም 29 ቀን 2008 ነው። ከአሜሪካ ለምትመጡ ሌላም ወጥመድ አለ። እነሱ ወርን አስቀድመው 05/10/2015 ብለው ይጽፋሉ። እዚህ ያለ ጸሐፊ ቀኑን አስቀድሞ ስለሚያነብ ኦክቶበር 5 ይለዋል፤ ልጁም መስከረም 24 ቀን 2008 የተወለደ ሆኖ ይመዘገባል። ወሩን ሁልጊዜ በፊደል ጻፉ።

ደረጃ 6፦ ቀን 5 እና 6፣ ፋይዳና ባንክ

አሁን ፋይዳ። ፓስፖርትና ቢጫ ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። የጣት አሻራ፣ የዓይንና የፊት ፎቶ ይነሳል። ምዝገባው ነፃ ነው፤ «ላስጨርስላችሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው አትከተሉ። ከመነሳታችሁ በፊት ስክሪኑ ላይ ያለውን ስም በፊደል ፊደል አንብቡ። ባንኩ የሚወስደው ያንን ስም ነው።

ቁጥሩ ከመጣ ባንክ ሂዱ። ምንዛሪ በባንክ ብቻ ይሁን፣ ደረሰኙንም አስቀምጡ። ጥቁር ገበያ ከሕግ ውጭ ነው፤ ሐሰተኛ ብርም ሊያስይዛችሁ ይችላል።

ቀጠሮ ሲሰጣችሁ ሰዓቱን አረጋግጡ። «3 ሰዓት ኑ» ማለት በእናንተ ስልክ 9 ሰዓት ነው። የአውሮፕላን ቲኬት ግን በውጭ አቆጣጠር ነው የሚጻፈው። 14:00 የሚለው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው።

ደረጃ 7፦ ቀን 7 እና 8፣ ትምህርት ቤት

ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። ከ1 እስከ 6 አንደኛ ደረጃ፣ 7 እና 8 መካከለኛ፣ ከ9 እስከ 12 ሁለተኛ ደረጃ ነው። ርዕሰ መምህሩን እነዚህን ጠይቁ፦ ልጁ በዕድሜው ይመደባል ወይስ በአማርኛው? ፊደል ለማያውቅ ልጅ ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ አለ? መጸዳጃ ቤቱ ውሃ አለው? የመጨረሻውን ራሳችሁ ገብታችሁ እዩት። ከሰዓት በኋላ ስትሄዱ እዩት፤ ጠዋት ሁሉም ንጹሕ ነው።

በአማርኛው ምክንያት በ3 ወይም በ4 ክፍል ዝቅ አድርጉት ከተባላችሁ አትቸኩሉ። ሒሳቡን የሚችል ልጅ ከሕፃናት ጋር ሲቀመጥ ትምህርት ይጠላል። አስጠኚ ይዞ በዕድሜው አካባቢ ቢገባ ይሻላል፤ እኔ የምመክረው ይህንን ነው። ቤት ውስጥ በቀን 15 ደቂቃ ፊደል በቂ ነው። የሱቅ ጽሑፍ፣ የታክሲ ታፔላ እያስነበባችሁ ሂዱ።

ምሳ ዕቃውም ይታሰብበት። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ። ልጃችሁ ባይጾምም ጓደኞቹ መካከል እንቁላል ሲከፍት ሊያፍር ይችላል። አስቀድማችሁ ንገሩት፤ በጾም ቀን ሽሮ ወይም ሩዝ በአትክልት ያዙለት።

«ዲያስፖራው!» ወይም «ፈረንጁ!» እያሉ የሚጠሩት ልጆች ይኖራሉ። ይህንንም ከእናንተ ቀድሞ ይስማ።

ማስጠንቀቂያ፦ እነዚህ ጊዜ አይሰጡም

- ከሰል። ማታ ሲበርድ ምድጃ ይዛችሁ መኝታ ቤት አትግቡ። በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ይገድላል፤ ጋዙ አይሸትም፣ አይታይም። ምድጃውን ውጭ ትታችሁት ጋቢ ደርቡ።
- ውሻ። ውጭ ያደጉ ልጆች ውሻ ሲያዩ ሊያቅፉ ይሮጣሉ። እዚህ የመንገድ ውሻ አይነካም። ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና ያኔውኑ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል። «ቁስሉ ትንሽ ነው» አይባልም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም።
- ቆላ። ከተማው ከፍታ ላይ ስለሆነ ወባ ብዙ አያሰጋም። ዘመድ ጥየቃ ደምቢያ ወይም መተማ ስትወርዱ ግን አጎበር ያዙ። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከመጣ ለሐኪሙ የት እንደነበራችሁ ንገሩ።
- ጥሬ ሥጋ። ልጆቹ በግብዣ ላይ አይቅመሱ። ኮሶ የሚይዘው በዚህ ነው።
- መንገድ። ከከተማ ከመውጣታችሁ በፊት በዚያው ቀን መንገዱን የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። የትናንት ወሬ አይበቃም። ከጨለማ በፊት ግቡ።

ደረጃ 8፦ ከቀን 9 ጀምሮ፣ ቋሚ ቤት

አሁን ከተማውን አይታችኋል። ማራኪ ይሁን፣ አራዳ አካባቢ ይሁን፣ አዘዞ ይሁን፣ መጀመሪያ የልጆቹን ትምህርት ቤት አስቡ። በክረምት ጭቃው ላይ በእግር የሚኬድ መሆኑን እዩ።

ደላላውን ኮሚሽኑን ቤት ከማየታችሁ በፊት ተነጋገሩት። ቤቱን ስታዩ ቧንቧውን ክፈቱ፤ ሮቶው ሙሉ ከሆነ ውሃ ስለሚወጣ በዚህ አትመኑ። ጎረቤት ያለችውን እናት ጠይቁ፤ እውነቱን የምትነግራችሁ እሷ ናት። ቆጣሪው የግል ነው የጋራ? የጋራ ከሆነ ሒሳቡ እንዴት ይካፈላል? ይህ በጽሑፍ ውል ላይ ይግባ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሌላ ከባድ ዕቃ ጋር በአንድ ዲቫይደር አትሰኩ፤ ገመዱ ይቀልጣል።

በብዛት የሚታዩ ስህተቶች

- በመጀመሪያው ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ ኩንታል ጤፍ መግዛት። ማስቀመጫ የለም፣ ማን እንደሚጋግር አልታወቀም፣ ነቀዝ ይገባበታል። ለ10 ቀን እንጀራ ግዙ። ጤፉን በኋላ ከሚያውቅ ሰው ጋር ሄዳችሁ ግዙና አስፈጩ።
- ባጃጅ ላይ ዋጋ ሳይነጋገሩ መውጣት። ኮንትራት መሆኑንና የት ድረስ መሆኑን መጀመሪያ ተናገሩ።
- ዋናውን ሰነድ በየቢሮው መተው። ኮፒ ስጡ፣ ዋናውን አሳይታችሁ መልሳችሁ ውሰዱ።
- እድርን ለሞት ጊዜ ብቻ ማሰብ። ቋሚ ቤት በገባችሁ ሳምንት የሰፈሩን የእድር ዳኛ አግኙና መመዝገቢያውን፣ የወር መዋጮውንና ስብሰባው መቼ እንደሆነ ጠይቁ። ስትመዘገቡ የቤተሰቡን ስም ዝርዝር ይጠይቃችኋል፤ እዚህም በደረጃ 5 የጻፋችሁትን ወረቀት ስጡ።